ኮርድ ጽሑፍ አይደለም፦ በኖታ ፕሮግራም ኮርድ መጻፍና ኪ መቀየር

ዘፋኙ «ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ» ሲል ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ወረቀት እያየ የሚጫወተው ሳክስፎኒስት ግን አዲስ ወረቀት ያስፈልገዋል። የኖታ ፕሮግራም ይህን ወረቀት በሰከንዶች ያወጣል፤ ኖታዎቹን በተመለከተም ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ስህተቱ የሚመጣው ከኖታው በላይ የተጻፉት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስሞች) ላይ ነው። ግማሾቹ በድሮው ኪ (ዘፈኑ በነበረበት የድምፅ መነሻ) ይቀራሉ፣ ጥቂቶቹ ማንም የማያነበው ስም ይዘው ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ትክክል መስለው የተሳሳቱ ናቸው። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ኮርዱ ከተጻፈበት መንገድ ነው፤ ሰው ኮርድን እንደ ጽሑፍ ይጽፈዋል፣ ፕሮግራሙ ግን ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ክፍሎቹን ለይቶ ካወቀ ብቻ ነው።

ለምሳሌ «ዲ ማይነር ሴቭን ኦቨር ሲ»ን እንውሰድ። ሦስት ነገር አለው፦ ሩቱ (ኮርዱ የተመሠረተበት ድምፅ) ዲ፣ ዓይነቱ ማይነር ሴቭን፣ ቤዙ (ከሁሉም በታች የሚመታው ድምፅ) ሲ። ኪ ሲቀየር የሚንቀሳቀሱት ሩቱና ቤዙ ብቻ ናቸው። ዘፈኑ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ሲል ኮርዱ «ኢ ማይነር ሴቭን ኦቨር ዲ» ይሆናል፤ «ማይነር ሴቭን» የሚለው አይነካም። 7፣ 9፣ 11፣ 13 የሚሉት ቁጥሮች የሚቆጠሩት ከራሱ ከሩቱ ስለሆነ በየትኛውም ኪ ያው ናቸው። ይህን የማያውቅ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ዎርድ ላይ ያለው «ፈልግና ተካ»፣ ኮርድ ለመቀየር የማይሆነው ለዚህ ነው። ሲን በዲ ተካ፣ ቀጥሎ ዲን በኢ ተካ ካሉት መጀመሪያ ሲ የነበረውም ጭምር ኢ ላይ ያርፋል። ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለይ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ «ዲም» እና «አድ» ውስጥ ያለችውን የዲ ፊደል ሁሉ ይለውጣል።

ከዚህ በታች በዋናነት የምንጠቅሰው ሚውዝስኮር የሚባለውን የኖታ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ስለሆነ በእጅ የሚገኘው እሱ ነው። ሲቤሊየስ ወይም ዶሪኮ ላይ የሚሠራ ሰው የሜኑው ስም ይለያይበት እንደሆነ እንጂ ችግሮቹ እነዚሁ ናቸው።

ሚውዝስኮር ላይ ኮርድ የሚጻፈው ኖታውን ወይም እረፍቱን መርጦ ኮንትሮልን ከኬ ጋር በመጫን ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ኮርዱን ይጽፋሉ፤ ስፔስ ወደሚቀጥለው ኖታ ወይም ምት፣ ታብ ወደሚቀጥለው ባር ይወስዳል። ኮንትሮል ከቲ ጋር ሲጫኑም ከመስመሩ በላይ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፣ ገጹ ላይም ኮርድ ይመስላል፤ ለፕሮግራሙ ግን «በቀስታ» ወይም «ሶሎ» ከሚለው መመሪያ የማይለይ ተራ ጽሑፍ ነው። ኪ ሲቀየር ቆሞ ይቀራል። ከሌላ ሰው በተቀበሉት ፋይል ውስጥ የቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፍላት (ድምፅን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) ያለበትን ኮርድ ማየት ይበቃል። እውነተኛ ኮርድ ከሆነ ትንሿ የቢ ፊደል ወደ ፍላት ምልክት ተቀይራለች፤ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ፊደሏ እንዳለች ተቀምጣለች። ኮርዱን ሲጫኑት የሚከፈተው የባሕርያት ሰሌዳም የተመረጠው ነገር ምን እንደሆነ በስሙ ይናገራል። ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው መሰረዝና በኮንትሮል ኬ እንደገና መጻፍ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ ዘፈኑ ወደየትኛውም ኪ ቢሄድ ኮርዱ ይከተላል።

አጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ጥቂት ቦታዎች አሉ። ሩቱን በትንሽ ፊደል ቢጽፉት ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ትልቅ ይለውጠዋል። የኤም ፊደል ግን እንደዚያ አይደለችም፤ ትልቋ ኤም ከ7 ጋር ሜጀር ሴቭን ናት፣ ትንሿ ማይነር ሴቭን። የባሰችው ደግሞ ክቧ ምልክት ናት። የኦ ፊደል ሙሉ ዲሚኒሽድን ታመለክታለች፣ ዜሮ አሃዝ ግን ሃፍ ዲሚኒሽድን። ቢ ላይ 7 ተጨምሮ ሲጻፍ አንደኛው ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ሌላው ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ። ኪቦርዱ ላይ ሁለቱ ቁልፎች ጎረቤት ስለሆኑ እጅ በቀላሉ ይስታል፤ ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ ክቧ በሰያፍ መስመር መቆረጧ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሁለት ትርጉም የሚሰጡ አጻጻፎች አሉ። «ሲ ሜጀር፣ አምስተኛው ፍላት የሆነ» ለማለት ሲ፣ ትንሿ ቢ፣ 5 ብለው በተከታታይ ቢጽፉ ፕሮግራሙ ፍላቷን ለሩቱ ይሰጣታል፤ ያነበበው «ሲ ፍላት 5»፣ ማለትም የሲ ፍላት ፓወር ኮርድ (ሩቱና አምስተኛው ብቻ ያሉት) ነው። የዚህ ስህተት ክፋቱ መደበቁ ነው። ዘፈኑን አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉት «ዲ ፍላት 5» የሚል ይወጣል፤ አንባቢው «ዲ፣ አምስተኛው ፍላት» ብሎ ያነበውና ልክ ነው ይላል። ዘፈኑ በማይነር ሦስተኛ (በሦስት ግማሽ ድምፅ) ከፍ ያለ ቀን ግን ኢ ፍላት ይጠበቅ በነበረበት ቦታ «ኢ ደብል ፍላት 5»፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ዝቅ ያለ ኢ፣ ይወጣና ሁሉም ሰው ፕሮግራሙን ይሳደባል። ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ምልክት) ባለበት «ኤ ሻርፕ 5» ላይም ያው ነው፤ ኤ ኦግመንትድ ይሁን የኤ ሻርፕ ፓወር ኮርድ አይታወቅም። መፍትሔው አምስተኛውን በቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው። «ሲ ሴቭን ፍላት 9» ላይ ግን 7 መሐል ስለገባች ችግር የለም።

ሌላው በአንድ ሳጥን ሁለት ኮርድ መጻፍ ነው። ባሩ ውስጥ ሲ እና ጂ አሉ እንበል፤ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን በሰረዝ አያይዞ አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን ፊደል ሩት አድርጎ ይወስድና ቀሪውን የማያውቀው የኮርድ ዓይነት ነው ብሎ እንዳለ ይተወዋል። አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ሲሉ «ዲ ሰረዝ ጂ» ይሆናል፤ ጂ ሳትንቀሳቀስ ትቀራለች። እያንዳንዱ ኮርድ በየራሱ ምት ላይ መቀመጥ አለበት። ሦስተኛው ምት ላይ ኖታ ባይኖርም ከፊተኛው ኮርድ ተነስተው በስፔስ ወደ ምቱ መድረስ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ኪ መቀየርን የግማሽ ድምፅ ቆጠራ አድርጎ ያስበዋል፤ «ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው» ይላል። ኪቦርድ ላይ ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት አንድ ቁልፍ ናቸው። ወረቀት ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚጻፍ ቁጥሩ አይናገርም። ስለዚህ የኖታ ፕሮግራም የሚፈልገው የርቀቱን ስም ነው። ማይነር ሦስተኛ ካሉት ከሲ ወደ ኢ ፍላት ይሄዳል፣ ኦግመንትድ ሁለተኛ ካሉት ወደ ዲ ሻርፕ። የቁልፉ ብዛት በሁለቱም ሦስት ነው።

ሚውዝስኮር ይህን የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ስለሆነ በቅርብ ቢታይ ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ የድምፅ ስም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹም የሚደረደሩት በፐርፌክት አምስተኛ ርቀት ነው። ኤፍ 13፣ ሲ 14፣ ጂ 15፣ ዲ 16፣ ኤ 17፣ ኢ 18፣ ቢ 19 ናቸው። ከዚያ በላይ ሻርፖቹ ይቀጥላሉ፦ ኤፍ ሻርፕ 20፣ ሲ ሻርፕ 21 እያለ። ከኤፍ በታች ፍላቶቹ ይወርዳሉ፦ ቢ ፍላት 12፣ ኢ ፍላት 11፣ ኤ ፍላት 10፣ ዲ ፍላት 9፣ ጂ ፍላት 8። ደብል ፍላቶቹ ከዚያም በታች ናቸው፤ ኢ ደብል ፍላት 4 ቁጥር ላይ ትገኛለች። ኪ መቀየር ማለት እንግዲህ በሁሉም ሩትና ቤዝ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መደመር ነው። ሜጀር ሁለተኛ ከፍ ማለት 2 መደመር፣ ሜጀር ስድስተኛ 3 መደመር፣ ማይነር ሦስተኛ 3 መቀነስ፣ ማይነር ሁለተኛ 5 መቀነስ፣ ኦግመንትድ ዩኒሰን 7 መደመር ነው። በዚህ ቆጠራ ዲ ሻርፕ 23፣ ኢ ፍላት 11 ስለሆኑ ፕሮግራሙ አያምታታቸውም። እኛ የተሳሳተ ርቀት ከመረጥን ግን የተሳሳተውን ስም በታማኝነት ይጽፈዋል።

ይህ በአገራችን ቅኝቶች ላይ በደንብ ይታያል። አምባሰልን በፒያኖ ድምፆች ከሲ ጀምረን ስንጽፈው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። (ክራር ወይም ማሲንቆ ላይ ያለው የድምፅ ርቀት ከፒያኖው ጋር አንድ አይደለም፤ ኮርድ የሚጻፍለት ግን ለኪቦርድና ለጊታር ስለሆነ በፒያኖው እንሄዳለን።) ከእነዚህ አምስት ድምፆች ሳንወጣ ሁለት ኮርዶች እናገኛለን፦ ኤፍ ማይነር እና ዲ ፍላት ሜጀር። ዘፋኟ ግማሽ ድምፅ ከፍ በልልኝ አለች እንበል። ትራንስፖዝ (ኪ መቀየሪያ) በሚለው መስኮት ውስጥ ግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ የሚሆኑ ሁለት ምርጫዎች አሉ፦ ማይነር ሁለተኛ እና ኦግመንትድ ዩኒሰን። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ውጤቱ ዲ ፍላት፣ ኢ ደብል ፍላት፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ደብል ፍላት ይሆናል፤ ኮርዶቹም ጂ ፍላት ማይነር እና ኢ ደብል ፍላት ሜጀር። ልክ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ኮርድ ጊታሪስት ፊት አይቀመጥም። ኦግመንትድ ዩኒሰን ቢመረጥ ደግሞ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ይወጣል፤ ኮርዶቹ ኤፍ ሻርፕ ማይነር እና ዲ ሜጀር ናቸው። የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፣ የሚነበበው ግን የትየለሌ ይለያያል።

መስኮቱ ውስጥ ደብል ሻርፕና ደብል ፍላት ይጠቀም ወይስ አይጠቀም የሚል ምርጫም አለ። አይጠቀም ካሉት ኢ ደብል ፍላት ወደ ዲ ይቀልላል። ኮርዱ ተነባቢ ይሆናል፤ ኖታው ግን ዲ ፍላትና ዲ አንዱ ቦታ ላይ እየተፈራረቁ የሚቀመጡበት፣ በየባሩ የናቹራል ምልክት የበዛበት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ርቀቱን አስተካክሎ መምረጥ ይሻላል፤ የማቅለያው ምርጫ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እዚያው መስኮት ላይ ኮርዶችም አብረው ይቀየሩ የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክቱ ከጠፋ ኖታው ሄዶ ኮርዱ ይቀራል። ምልክቱ እያለም ኮርዱ የሚቀርበት ሁኔታ አለ። ሚውዝስኮር ላይ እያንዳንዱ ኮርድ የአንድ መስመር ንብረት ነው፤ የዘፋኙን መስመር ብቻ መርጠው ኪ ከቀየሩና ኮርዶቹ የተጻፉት በፒያኖው መስመር ላይ ከሆነ አይንቀሳቀሱም። ምንም ሳይመርጡ ትራንስፖዝ ቢሉ ሁሉንም ይቀይራል፤ ለሙሉ ዘፈን የሚያስተማምነው እሱ ነው። በዚሁ ምክንያት የጊታር ወረቀት ለብቻ ሲወጣ ኮርድ አልባ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ኮርዶቹ የዘፋኙ መስመር ላይ ናቸውና። መፍትሔው ኤፍ 6 የምትባለውን የኮምፒውተር ቁልፍ ተጭነው በሚከፈተው የምርጫ ማጣሪያ ላይ ከኮርድ በስተቀር ሁሉንም አጥፍተው የዘፋኙን መስመር ኮፒ፣ ጊታሩ ላይ ፔስት ማድረግ ነው።

ኪ የሚቀየረው በርቀት ብቻ ሳይሆን «ወደዚህ ኪ ውሰደው» በማለትም ነው። ይህኛው መንገድ የሚሠራው ፕሮግራሙ አሁን ያለበትን ኪ ካወቀ ነው፣ የሚያውቀውም ከኪ ሲግኔቸሩ (በመስመሩ መጀመሪያ ከሚቀመጡት የሻርፕ ወይም የፍላት ምልክቶች) ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሲግኔቸሩን ባዶ ትቶ ሻርፖቹን በየኖታው እየጨመረ ይጽፋል። እንዲህ በተጻፈ የጂ ዘፈን ላይ «ወደ ኤ ውሰደው» ቢሉት ፕሮግራሙ ዘፈኑ ሲ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ከሲ እስከ ኤ ያለውን ርቀት ይሄዳል፤ ጂ የነበረው ኢ ሆኖ ይወጣል። ሲግኔቸር በሌለበት ፋይል ላይ በርቀት መቀየር ነው የሚያዋጣው። የቅኝት ዘፈን ላይም ሲግኔቸር ማስገባት ይጠቅማል። ከላይ ያለው የሲ አምባሰል በ4 ፍላት ሲግኔቸር ሲጻፍ ዲ ፍላትና ኤ ፍላት በሲግኔቸሩ ይሸፈናሉ፤ የቀሩት ሁለት ፍላቶች፣ ቢ እና ኢ፣ ቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ አይረብሹም። ከዚያ ወደ 3 ሻርፕ ሲግኔቸር ውሰደው ሲባል ፕሮግራሙ ያንን ኦግመንትድ ዩኒሰን ራሱ ያገኘዋል።

የንፋስ መሣሪያዎች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። እዚህ የዘፈኑ ኪ አይቀየርም፣ የሚቀየረው ወረቀቱ ብቻ ነው። የቢ ፍላት መሣሪያዎች፣ ማለትም ትራምፔት፣ ክላርኔት፣ ሶፕራኖና ቴነር ሳክስፎን፣ ከሚሰማው ኪ ሜጀር ሁለተኛ ከፍ ብሎ ይጻፍላቸዋል። አልቶና ባሪቶን ሳክስፎን የኢ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው፤ በሜጀር ስድስተኛ ከፍ ይላል። (ቴነርና ባሪቶን ላይ አንድ ኦክታቭ ይጨመራል፤ ለኮርድ ስም ግን ለውጥ የለውም።) ዘፈኑ በጂ ከሆነ ትራምፔቱ ኤ ያነባል፣ አልቶው ኢ። ጊታርና ቤዝ ጊታር የሚሰሙት ከተጻፈላቸው አንድ ኦክታቭ ወርደው ስለሆነ ኮርዳቸው ያው ጂ ነው።

ሚውዝስኮር ከታች በኩል ኮንሰርት ፒች የምትል ቁልፍ አለችው። ስትበራ ሁሉም መስመር በሚሰማው ኪ ይታያል፤ ስትጠፋ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያነበው። ስህተቱ የሚፈጠረው ቁልፏ ጠፍታ ሳለ የአልቶው መስመር ላይ እውነተኛውን ኮርድ ሲጽፉ ነው። ጂ ብለው ጻፉ፤ ፕሮግራሙ ግን አልቶው የሚያነበው ጂ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ያ ደግሞ በጆሮ ሲሰማ ቢ ፍላት ነው። ሌላው ሰው ቁልፏን ሲያበራ ጂ በነበረበት ቢ ፍላት ያያል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ኮርዱን በጭንቅላቱ አስልቶ ወደ ኢ ቀይሮ፣ ቁልፏ በርታ ሳለች የሚጽፍ አለ፤ ወረቀቱ ሲወጣ ፕሮግራሙ በድጋሚ ይቀይርለትና ሲ ሻርፕ ይሆናል። ልማድ ማድረግ ያለብን ኮርድ ስንጽፍ ሁልጊዜ ኮንሰርት ፒችን አብርተን፣ እውነተኛውን ኮርድ መጻፍ ነው፤ ስሌቱን ለፕሮግራሙ መተው። ጥርጣሬ ካለ በጆሮ መፈተንም ይቻላል፤ ከ3.5 እትም ጀምሮ ሚውዝስኮር የተጻፈውን ኮርድ ያጫውታል፣ የተሳሳተው ከዜማው ጋር ሲጋጭ ይሰማል።

ጊታሪስቶች የሚወዱት ኪ ለንፋስ ተጫዋቾች ቅጣት ነው። ዘፈኑ ኢ ላይ ከሆነ ትራምፔቱ ኤፍ ሻርፕ በ6 ሻርፕ፣ አልቶው ሲ ሻርፕ በ7 ሻርፕ ያነባል። አልቶውን በ5 ፍላት ወደ ዲ ፍላት ማዞር ይቻላል፤ በመሣሪያው መስመር ባሕርያት ውስጥ ሻርፕ ወይስ ፍላት ይመረጥ የሚል አለ። ይህን ከቀየሩ በኋላ ሲግኔቸሩን ብቻ አይተው አይሂዱ፣ ኮርዶቹም ወደ ፍላት መዞራቸውን አንድ በአንድ ይዩ። ዘፋኙ ከተስማማ ግን ዘፈኑን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ኢ ፍላት ላይ ማዋል ይሻላል፤ ያኔ ትራምፔቱ ኤፍ፣ አልቶው ሲ ያነባል፣ ጊታሩ ደግሞ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያስራል።

ካፖ ካነሳን፦ ካፖ ያሰረ ጊታሪስት የሚይዘው ቅርፅና የሚሰማው ድምፅ ይለያያሉ። ካፖው 3ኛው ፍሬት ላይ ሆኖ የጂ ቅርፅ ሲያዝ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው። ሚውዝስኮር ላይ ፎርማት፣ ስታይል፣ ከዚያ ኮርድ ሲምቦል የሚለው ገጽ ውስጥ የካፖውን ፍሬት ቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ ከእውነተኛው ኮርድ ጎን የሚያዘው ቅርፅ በቅንፍ ይታያል። በእጅ ብቻ «ካፖ 3» ብሎ ጽፎ ኮርዶቹን በጂ ማስቀመጥ ግን አደጋ አለው፤ ያንን ወረቀት አይቶ ለትራምፔቱ የሚያወጣ ሰው ከጂ ተነስቶ ኤ ይጽፍለታል፣ መሆን የነበረበት ግን ከቢ ፍላት ተነስቶ ሲ ነው። አንድ ጥሩ አጋጣሚ ግን አለ። የአልቶ ሳክስፎን ወረቀትና የካፖ 3 ጊታር ወረቀት የኮርድ ስማቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከሚሰማው ድምፅ በሦስት ግማሽ ድምፅ ይለያሉና። ልምምድ ላይ ፕሪንተር ከጠፋ የካፖ 3ቱን ወረቀት ለአልቶው መስጠት ይቻላል።

የኪቦርድ ትራንስፖዝ ቁልፍም የዚሁ ዘመድ ናት። ሲ ላይ እየተጫወተ ፕላስ 3 ያደረገ ኪቦርዲስት የሚሰማው ኢ ፍላት ነው፤ እሱ በሲ የተጻፈ ወረቀት ቢይዝም ሌላው ሁሉ ኢ ፍላት ነው የሚያስፈልገው። ኪቦርዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ኖታ የሚያስገቡ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፏን ዜሮ ላይ ይመልሱ። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ለውጡ በኬብሉም ጭምር ስለሚያልፍ ኖታው በኢ ፍላት ይገባል፤ ከላይ በእጅ የጻፉት ኮርድ ግን በሲ ይሆናል። ኮርድን በቁጥር፣ 1፣ 4፣ 5 እያሉ የሚጠሩ ተጫዋቾች ይህ ሁሉ አያስጨንቃቸውም። ሚውዝስኮር የናሽቪል ቁጥር የሚባለውን ስለሚቀበል እንደዚያ መጻፍም ይቻላል፤ ቁጥሩ በየትኛውም ኪ ያው ነው።

ፋይል ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲሻገር ኮርድ ዳግመኛ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የወጣው ፊናሌ የተባለው የኖታ ፕሮግራም ልማቱ መቆሙ በኦገስት 2024 ከተነገረ ወዲህ ብዙ ሰው የቆየ ሥራውን ወደ ሌላ ፕሮግራም እያዞረ ነው። መሸጋገሪያው ሚውዚክ ኤክስ ኤም ኤል የሚባለው ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ ኮርድ በክፍል በክፍሉ ይቀመጣል፦ የሩቱ ፊደል፣ ሻርፕ ከሆነ 1 ፍላት ከሆነ ኔጌቲቭ 1፣ ከተወሰነ ዝርዝር የሚመረጥ የኮርድ ዓይነት፣ ካለ ቤዙ፣ በመጨረሻም የሚጨመሩ ወይም የሚለወጡ ዲግሪዎች። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ኮርድ በዲግሪ ተጠጋግኖ ነው የሚያልፈው። ለምሳሌ «ሴቭን ሰስ ፎር» ራሱን የቻለ ስም ስለሌለው ሰስ ፎር ተብሎ 7ኛ ዲግሪ ይታከልበታል፤ ተቀባዩ ፕሮግራምም «ሰስ ፎር አድ 7» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ድምፁ ልክ ነው፣ አጻጻፉ ግን ማንም ያልለመደው ነው። ስለዚህ ከተሻገረ በኋላ መታየት ያለባቸው ሰስ ኮርዶች፣ ሃፍ ዲሚኒሽድ፣ ኦልተርድ ዲግሪ ያላቸውና በቤዝ የተከፈሉት ናቸው። ድሮ እንደ ተራ ጽሑፍ ተጽፎ የነበረ ኮርድ እዚህም ኮርድ ሆኖ አይገባም። ፒዲኤፍ ብቻ የቀረው ሰው ደግሞ ኮርዱን እንደ አዲስ ይጽፋል።

ጀርመን ወይም ኦስትሪያ ያሉ ወገኖች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። እዚያ ቢ ናቹራል «ሃ» ነው የሚባለው፣ «በ» ተብላ የምትጠራው የቢ ፊደል ደግሞ ቢ ፍላት ናት። ሚውዝስኮር የኮርድ ስታይል ገጽ ላይ የጀርመን አጻጻፍ የሚል ምርጫ አለው። ፋይሉ በትክክል ከተጻፈ ምርጫውን ማብራትና ማጥፋት አያበላሸውም፤ ቁጥሩ 19 የሆነው ድምፅ አንዴ ቢ አንዴ ሃ ሆኖ ይታያል። ችግር የሚሆነው ምርጫው የጀርመን ላይ ሳለ አዲስ አበባ እንደለመዱት ቢ ብለው ሲጽፉ ነው፤ ፕሮግራሙ 12ን፣ ማለትም ቢ ፍላትን ይመዘግባል፣ ምርጫው ሲመለስም ቢ ፍላት ሆኖ ይገለጣል።

ኖታ ሳያስፈልግ ግጥምና ኮርድ ብቻ ለሚበቃው መዝሙር ወይም ዘፈን ኮርድፕሮ የሚባለው አጻጻፍ ይበቃል። ኮርዱ በግጥሙ መሐል፣ የሚመታበት ፊደል ፊት፣ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ወደ ላይ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። ዎርድ ላይ ኮርዱን ከግጥሙ በላይ በስፔስ እየገፉ ማስቀመጥ በአማርኛ ፈጽሞ አይሆንም። የ«ጨ» እና የ«ነ» ስፋት አንድ አይደለም፣ ፎንቱ ከአቢሲኒካ ወደ ኒያላ ሲቀየር ኮርዱ ሁሉ ከቦታው ይናወጣል። ኮርድፕሮ ላይ ኪ የሚቀየረው በግማሽ ድምፅ ቁጥር ስለሆነ ሻርፕ ወይስ ፍላት የሚለውን ካወጡ በኋላ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ የአሠራር ነገር። ኪ የተቀየረበትን ፋይል በዋናው ላይ አያስቀምጡ፤ ሁልጊዜ ከዋናው ተነስተው አዲስ ስም ይስጡት። ወደ ላይ አውጥቶ ወደ ታች መመለስ መነሻው ላይ የሚያደርስ ይመስላል፣ ግን ደብል ፍላት እንዲቀልል ከተደረገ አያደርስም። የሲ አምባሰሉ ዲ ፍላት ኮርድ በማይነር ሁለተኛ ሲወጣ ኢ ደብል ፍላት ሆኖ ወደ ዲ ቀለለ። በዚያው ማይነር ሁለተኛ ሲወርድ ከ16 ላይ 5 ይደመርና 21 ይሆናል፤ ዲ ፍላት ተብሎ የወጣው ኮርድ ሲ ሻርፕ ተብሎ ይመለሳል፣ አጠገቡ ያለው ኤፍ ማይነር ግን እንደነበረ ነው።